የዮሩባ እንጨት ቀራፂዎች፤ የእጅ ሥርዓትና የዘመን ለውጥ

«ባህላዊ ጥበብ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ያለቀለት ነገር ነው፤ ሠሪው የማይታወቅ፣ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚኖሩት የዮሩባ ቀራፂዎች ታሪክ ግን ይህን አስተሳሰባችንን እንድንመረምር ያስገድደናል።

እ.ኤ.አ. በ1938 የሞተው የኢሴው ኦሎዌ ለኤኪቲ ነገሥታት በርና ምሰሶ ይቀርፅ ነበር። ለኢኬሬ ንጉሥ በሠራው በር ላይ ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጦ፣ የእንግሊዙ ሹም ደግሞ በሰው ሸክም ሲመጣ ይታያል። ይኸው በር በ1924 ለንደን ዌምብሊ ለኤግዚቢሽን ቀረበ፤ ኋላም እንግሊዝ አገር በተሠራ ዙፋን ተለውጦ እዚያው ብሪቲሽ ሙዚየም ቀረ። ኦሎዌ ግን ባገሩ ስም አልባ አልነበረም። በሞተ በ50 ዓመቱ፣ በ1988፣ ከሚስቶቹ አንዷ የሙያውን ውዳሴ በቃሏ አስመዝግባለች።

በ1947 የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ኦዬ ኤኪቲ ላይ የቅርፃ ቅርፅ ሥራ ቤት ከፈቱ። የታዋቂው ቀራፂ የአሬኦጉን ልጅ ጆርጅ ባንዴሌ በዚያ ሠራ፤ ከቀራፂ ዘር የተወለደው ላሚዲ ፋኬዬም ከባንዴሌ ተማረ። ፋኬዬ እስላም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን በር ይቀርፃል! በ1987 ደግሞ የዮሩባ ነገሥታት አባት የሚባለውን የኦዱዱዋን ሐውልት ለኢፌ ዩኒቨርሲቲ ሠራ።

ታዲያ ይህ ወግ ነው ወይስ የፈረንጅ ትእዛዝ? መልሱን ከእጁ እንፈልገው። መጀመሪያ ግንዱ በመጥረቢያ ተጠርቦ ራስ፣ ደረትና እግር በጅምላ ይለያሉ፤ ቀጥሎ ጅምላው ወደ ዓይን፣ ጆሮና ጣት ይከፋፈላል፤ ሦስተኛው ማለስለስ ነው፤ በመጨረሻ የዓይን ቆቡና የሹሩባው መስመር በቢላዋ ይወጣል። ራስ የሰው ዕጣ ማደሪያ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከሌላው አካል ተልቆ ይሠራል። ይህን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አላመጣችውም፤ ከጌታ ወደ ተለማማጅ ሲወርድ የመጣ ነው። ያዘዘው ሰው ተለወጠ እንጂ እጁ አልተለወጠም።

ይህን ስንል የጠፋ ነገር የለም ማለታችን አይደለም። ከመንትዮች አንዱ ሲሞት ምስሉ በእንጨት ይቀረፅ፣ እናቱም እንደ ልጅ ታጥበውና ታበላው ነበር። በኋላ በብዙ ቤት ፎቶግራፍና የፕላስቲክ አሻንጉሊት ቦታውን ወሰዱ። እዚህ ላይ የቀራፂው ብቻ ሳይሆን የእናቲቱም ወግ ተነካ።

ፋኬዬ በኢፌ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ2009 አረፈ። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ስለ አንድ ጥበብ ስንጽፍ «ምን ተቀረፀ?» ብለን ብቻ አናቁም። ከማን ተማረ? ለማንስ አስተማረ? ወጉ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው እዚያ ነው እንላለን።