ጭሱና መሬቱ፦ ከአውራ አምባ እስከ አድ ሃሎም

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ስለ «ኢኮ-መንደር» ገለጻ አቀረብኩ። የፀሐይ ኃይል፣ የጓሮ አትክልት፣ የጋራ ኑሮ፤ ስላይዶቹ ያምሩ ነበር። አንድ ጓደኛዬ «የአያቶችህ መንደር ራሱ ኢኮ-መንደር ነበር እኮ!» አለኝ። ደስ አለኝ። ማታ አድ ሃሎም ከባቡር ወርጄ በቀጥታ አያቴ ቤት ሄድኩና ነገርኳቸው።

አያቴ ሳቁ። «ጭሱንስ የት አደረግኸው? ዓይናችንን የጨረሰውን? ደግሞ መሬቱ የማን ሆነና ነው የእኛ መንደር የምትለው? አባቴ ከምርቱ ሲሶውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር።»

እኔ ስለ መሬት አንድም ስላይድ አልነበረኝም።

ነገሩ የቆየ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ከወጉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል አዋጅ እንዳወጡ ይተረካል። ርስት ያጣ ሰው ጢሰኛ ይሆናል፤ ወይም በእጁ ሙያ ይኖራል። አያቶቻችን አንጥረኛ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሙያው ኮርተንበት የምናሳየው ቅርስ ነው፤ ግን ከመሬት ማጣትም የመጣ ነው። ገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን የተባለው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የእኛ ሰዎች በሱዳን በኩል መንገድ ጀመሩ።

አሁን ወደ አውራ አምባ እንሂድ። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ዙምራ ኑሩ በ1972 ከጥቂት ሰዎች ጋር መሠረቷት። እዚያ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፤ አቅመ ደካማ የሚጦረው በጋራ ነው። ምድጃቸው ከጭቃ የተሠራ ሲሆን እንጨት ይቆጥባል፣ ጭሱን ወደ ውጭ ያወጣል። የአያቴ የመጀመሪያ ጥያቄ እዚያ መልስ አግኝቷል።

ሁለተኛውስ? በ1980ዎቹ መጨረሻ በደርግ ዘመን ማኅበረሰቡ በጠላትነት ተጠርጥሮ ሸሸ፤ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደደ። በ1993 ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የተረፈቻቸው መሬት ለሁሉም ስለማትበቃ ሽመናን ዋና መተዳደሪያ አደረጉ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ መንገዱ ግን ያው ነው፤ መሬት ሲጠፋ ወደ እጅ ሙያ።

እዚህ አገር ስለ ኪቡጽ ስንማር የምንሰማው ስለ እኩልነቱ ነው። ግን ደጋንያ በ1910 ስትቆም ቀረን ቀየመት የገዛው መሬት ነበራት። አብሮ የመኖር ሐሳብ አውራ አምባም አልጎደላትም፤ የጎደላት የመሬት ዋስትና ነው። ስለዚህ የገጠር ልማት ዘላቂ ነው አይደለም ለማለት፣ ከፀሐይ ሰሌዳው በፊት የመሬቱን ባለቤትነት ማየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

አድ ሃሎም ማለት «እስከዚህ» ማለት ነው። በ1948 የግብፅ ጦር ወደ ሰሜን ሲገፋ የቆመው እዚህ ድልድይ አካባቢ ነበር። በየቀኑ አልፌበት ስሄድ ስለዚያ ጦርነት አውቅ ነበር፤ ስለ አባቴ አያት ማሳ ግን አላውቅም ነበር።

ገለጻዬን እንደገና እየሠራሁት ነው። እናንተም ለሰንበት አያቶቻችሁ ጋ ስትሄዱ ስለ ቡናውና ስለ ዳቦው ብቻ አትጠይቁ። መሬቱ የማን እንደነበር፣ እህሉ ሲወቃ ለማን ስንት እጅ ይከፈል እንደነበር ጠይቁና ጻፉት። የሚያስታውሱት ሰዎች ገና አብረውን አሉ።