ቁልፉ ለማን ተሠራ? የገመድ አልባ መረብ ጥበቃ አጭር ታሪክ

የኔዘርላንድ ተወላጅ የነበሩት ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ወታደራዊ የምስጢር ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ባሳተሙት ጥናት ስድስት ደንቦችን አስቀምጠው ነበር። የመጨረሻው ደንብ የምስጢሩ ዘዴ ለአጠቃቀም ቀላል እንዲሆን፣ አእምሮን የሚያስጨንቅና ብዙ ሕግ ማወቅን የሚጠይቅ እንዳይሆን ያዛል። ይህ ደንብ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል የገመድ አልባ መረብ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው 802.11 የተባለው ደረጃ ዌፕ የሚባለውን የጥበቃ ዘዴ ይዞ ወጣ። ቁልፉ 40 ቢት ሲሆን፣ 24 ቢት መነሻ ቁጥር ስለሚጨመርበት አንዱ አምራች 40፣ ሌላው 64 ይለው ነበር። ቆይቶ የመጣው የ104 ቢት ቁልፍም እንዲሁ 128 ተባለ። ተጠቃሚው ቁልፉን በ10 ወይም በ26 የሄክሳዴሲማል አሃዞች፣ አለዚያም በ5 ወይም በ13 የላቲን ፊደላት መጻፍ ነበረበት። ከይለፍ ሐረግ ቁልፍ የሚወጣበት መንገድ በደረጃው ስላልተደነገገ፣ አንዱ ሐረግ በሁለት አምራቾች መሣሪያ ላይ ሁለት የተለያዩ ቁልፎችን ሊያስገኝ ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የሊኑክስ ኔትዎርክማኔጀር ይህንኑ ውጥንቅጥ ወረሰ። ለዌፕ ብቻ የቁልፍና የይለፍ ሐረግ ምርጫዎችን ለየብቻ አቀረበ፤ ከአራቱ ቁልፎች ስንተኛው እንደሆነና ማረጋገጫው «ክፍት» ወይም «የጋራ ቁልፍ» መሆኑንም ይጠይቅ ነበር። «የጋራ ቁልፍ» የሚለው ስም ለሚያነበው ሁሉ ይበልጥ አስተማማኝ ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የመፈተኛው ጽሑፍ በግልጽም በምስጢርም በአየር ላይ ስለሚተላለፍ፣ ሁለቱን ያነጻጸረ አድማጭ ያለ ቁልፉ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ደካማውን የመረጠ ሰው ስሙን አምኖ እንጂ ተዘናግቶ አልነበረም። መሣሪያዎቹም ብዙውን ጊዜ ጥበቃው ጠፍቶ ይሸጡ ስለነበር፣ በነዚያ ዓመታት እጅግ ብዙ መረቦች ያለ ቁልፍ ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር ዌፕ የሚሠራበትን የአርሲ4 ድክመት አሳተሙ። በ2003 ደብልዩፒኤ፣ በ2004 ደግሞ ደብልዩፒኤ2 ተተኩ። በቤት ውስጥ መረብ ከተጠቃሚው የሚፈለገው ከ8 እስከ 63 ምልክት ያለው አንድ ሐረግ ብቻ ሆነ፤ ሐረጉን ከመረቡ ስም ጋር 4,096 ጊዜ አመላልሶ የ256 ቢት ቁልፍ ማውጣት የማሽኑ ተግባር ሆነ። ሸክሙ ከሰው ወደ ማሽን ተዛወረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማቅለል ብቻውን በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ደብልዩፒኤስ ሐረጉን በ8 አሃዝ ቁጥር ለመተካት አስቦ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ግማሽ ለየብቻ ይመረምራል፤ የመጨረሻው አሃዝም ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ከዚህም የተነሣ 100 ሚሊዮን መሆን የነበረበት የሙከራ ብዛት ወደ 11,000 መውረዱ በ2011 መጨረሻ ይፋ ሆነ። በ2018 የመጣው ደብልዩፒኤ3 ግን ተጠቃሚው የለመደውን የይለፍ ቃል ሳይለውጥ፣ የሰማውን መልእክት ይዞ ሄዶ በግምት ቃሉን ማውጣትን ከለከለ።

እንግዲህ እኛ መሐንዲሶች በመስኮቱ ላይ የምንጽፈው እያንዳንዱ ጥያቄ የጥበቃው አንድ አካል መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ማሽኑ ራሱ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ተጠቃሚውን መጠየቅ፣ ተጠቃሚው ሲሳሳትም ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጣል፣ ሙያችን የሚፈቅደው አይደለም።