ከወዳደቀ ብረት የተሠራው ጋሪያችንና የሸክም ታሪክ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደዚህ ትምህርት ቤት የምንመላለስ ጥቂት ተማሪዎች ዘንድሮ በብስክሌት የሚጎተት አነስተኛ ጋሪ ሠርተናል። ሁለቱን መንኮራኩሮች ያገኘነው ከተሰባበሩ ብስክሌቶች ነው፤ አካሉ የአሮጌ አልጋ ብረት፣ ወለሉም የሣጥን ጣውላ ነው። ስንሠራ ያዩን አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቆራሌዎች መጡ» እያሉ ሳቁብን። ነገሩ ስለ ከነከነን የጭነትና የእጅ ሥራ ታሪክ በአገራችን እንዴት እንደ ነበረ መመርመር ጀመርን። ያገኘነውንም ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን።

በአገር ውስጥ ተሠርተው በመንኮራኩር ከተጓዙት ጭነቶች ሁሉ ስሙ የገነነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ካሠሩት በኋላ ወደ መቅደላ ወሰዱት። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ብዙ መቶ ሰው በገመድ ሲጎትት ሌላው ፊት ፊት እየሄደ ገደሉን ይንድና መንገድ ይጠርግ ነበር። ከዚህ የምንማረው መንኮራኩር ያለ መንገድና ያለ ኅብረት ብዙ እንደማይራመድ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1888፣ ጆን ዳንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋ የብስክሌት ጎማ ሠራ። ዛሬ በጋሪያችን ላይ ያለው ጎማ የዚያ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ግን ወደ አዲሲቱ ከተማ እህሉም ማገዶውም የሚገባው በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር።

ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ተመረቀ፤ መነሻውም ሰበታችን ሆነች። የጎጃም መንገድ በሱሉልታ፣ የወለጋ መንገድ በቡራዩ፣ የጅማ መንገድ በሰበታ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከእንጦጦ ጫካ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ዛሬም አሉ። ታላቁ መንገድ በደጃችን ሲያልፍ ትንሹ ሸክም ከሰው ጀርባ አልወረደም።

ስለ ምን ይሆን? አንዱ ምክንያት ድህነት ነው። ሌላው ግን እጀ ብልሁን መናቃችን ይመስለናል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በአገራችን ብዙ ዘመን ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አወጁ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ስሙን ለውጦ እኛም ዘንድ ደረሰ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ግን የተጣለው ብረት ምድጃ፣ ያረጀው የመኪና ጎማም በረባሶ ጫማ ሲሆን እናያለን። እነዚያ ሠራተኞች መምህሮቻችን ናቸው።

አሁን ወደ ጋሪያችን እንመለስ። በመጀመሪያ መጎተቻውን ብረት ከኮርቻው ሥር አሰርነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ጭነን ስንታጠፍ ብስክሌቱ ከነነጂው ተገለበጠ። መጎተቻውን ዝቅ አድርገን ከኋላው መንኮራኩር መሐል አጠገብ ስናስረው ቀና ብሎ ሄደ። ጭነቱም ከሞላ ጎደል በመንኮራኩሮቹ ዘንግ ላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ መሆን እንዳለበት ተረዳን፤ ወደ ኋላ ሲበዛ የብስክሌቱን ጀርባ ያነሣዋል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ነጂውን ስለሚገፋው ጠንካራ ፍሬን ያስፈልጋል። ስለዚህ የእንጦጦን ዳገትና ቁልቁለት እንደማይችለው ሳንሸሽግ እንናገራለን። የእነዚያን እናቶች ሸክም ገና አላቀለልንም።

ነገር ግን 40 ኪሎ ውሃ ከእኅቶቻችን ጀርባ ወርዶ በመንኮራኩር ሲሄድ አይተናል። ከሳቁብን ጓደኞች ሁለቱ አሁን ከእኛ ጋር ይሠራሉ፤ የሚቀጥለውን ፍሬን የሚያበጁት እነርሱ ናቸው። ከእኛ በኋላ ለሚመጡ ተማሪዎች አደራ የምንለው ጋሪውን ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛን ማክበርንም ጭምር ነው።