ጢያ፦ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን የግል ጉብኝት

ጢያ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በሶዶ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ያስጠራት በዳርቻዋ የሚገኘው የጥንት መቃብርና በላዩ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። በስፍራው 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ1980 እ.ኤ.አ. ጢያን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። አክሱም፣ የታችኛው አዋሽ ሸለቆና የታችኛው ኦሞ ሸለቆም የተመዘገቡት በዚያው ዓመት ነው።

ስፍራው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በጠዋት ወጥቶ ለማታ ቤት መግባት ይቻላል። ስለዚህ አንድ መኪና ከሾፌርና ከአስጎብኚ ጋር ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለጥቂት ወዳጆች ብቻ ተይዞ የሚደረገው የግል ጉብኝት በዚህ መስመር የተለመደ ሆኗል። በአዲስ አበባ ለስብሰባ የከረሙ እንግዶች፣ ከውጭ አገር ዘመድ ጥየቃ የመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ልጆቻቸው፣ ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጣ ብለው ማሳለፍ የሚፈልጉ ነዋሪዎችም ይመርጡታል። በዚያው መንገድ የመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ስፍራና ከአለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስለሚገኙ፣ አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ሦስቱን አንድ ላይ ያዘጋጃሉ። የሶዶ ወረዳ ከወላይታ ሶዶ ከተማ ጋር በስም ብቻ እንደሚመሳሰል ማስታወስ ይጠቅማል። ወላይታ ሶዶ በዚሁ አቅጣጫ እጅግ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት።

ድንጋዮቹ

የጢያ ትክል ድንጋዮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደቆሙ ይገመታል። አንዳንዶቹ ከሰው ወገብ አያልፉም፤ ረጅሞቹ ግን እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። የአክሱም ሐውልቶች ከእነዚህ ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ፣ በቁመትም በእጅጉ ይበልጧቸዋል። ሁለቱም የመቃብር ምልክት ይሁኑ እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ጢያ የአክሱም ታናሽ ግልባጭ ተደርጋ ስትነገር መስማት የተለመደ ነው፤ አነጋገሩ ግን ስፍራውን ያሳንሰዋል። የራሷ ዓለም ያላት ቦታ ናት።

ከቅርጾቹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ወይም ጩቤ ነው። በአንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ በሌላው ላይ ብዙ ሰይፍ ተደርድሮ ይገኛል። ከሰይፉ ጋር ክብ ምልክቶች፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ መስመሮች፣ ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል ቅርጽም አሉ። በሶዶና በአካባቢው ከሚገኙት ወደ 160 የሚጠጉ የጥንት ስፍራዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሰው አካል የሚያስታውስ ቅርጽ የያዙ ድንጋዮችም ተገኝተዋል። ዩኔስኮ ራሱ ስለ ጢያ ሲገልጽ ምልክቶቹ በአብዛኛው ለመፍታት አስቸጋሪ መሆናቸውን ያሰፈረ ሲሆን፣ አንድ ጎብኚ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገርም ይኸው ነው።

ስለ ድንጋዮቹ ለውጭው ዓለም ካሳወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡባዊ ኢትዮጵያን የዞሩት ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ አዛይስ ናቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመን የሥነ ሰብዕ ተጓዦች ስፍራውን ጎብኝተዋል። የኋላ ኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ የሶዶን ትክል ድንጋዮች መዝግቧል፤ ሮዤ ዡሶም ደግሞ በጢያ ቁፋሮ አካሂዷል። በቁፋሮው ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች የተገኙ ሲሆን፣ ሟቾቹ እግራቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው በጎናቸው ተጋድመው ነበር። ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜ የተቀጩ፣ ሴቶችም ወንዶችም የሚገኙባቸው ወጣቶች እንደነበሩ ይነገራል።

እነዚያ ወጣቶች በጦርነት ይለቁ፣ በወረርሽኝ ወይም በሌላ ምክንያት፣ ድንጋዮቹ አይናገሩም። አስጎብኚ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

አስጎብኚው

በጢያ አጥር ውስጥ የሚነገረው ሦስት ዓይነት ነገር ነው፦ ተቆፍሮ የተገኘው፣ በአካባቢው ሲነገር የኖረው፣ ግምቱም። ጥሩ አስጎብኚ ሦስቱን ለያይቶ ይናገራል። ደካማው ሁሉንም በአንድ ድምፅ ያወርደዋል፤ ጎብኚውም ግምቱን እንደ ታሪክ ይዞ ይመለሳል።

ሰይፎቹን ለአብነት እንውሰድ። ዘወትር የሚሰማው ማብራሪያ እያንዳንዱ ሰይፍ ሟቹ የገደለውን ጠላት ይቆጥራል የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፤ በጀግንነት ገድል መኩራት በአገሪቱ ባህል እንግዳ አይደለምና። ሆኖም ይህን ያረጋገጠ ጽሑፍም ሆነ ቁፋሮ የለም። ክቡን ጋሻ፣ ፀሐይ ወይም ጡት የሚሉት አሉ። ተክል የሚመስለውን ቅርጽ ደግሞ ከእንሰት ጋር የሚያገናኙት ብዙ ናቸው። በዙሪያው ባሉት የጉራጌ ጓሮዎች እንሰት ስለሚታይ ትርጓሜው ልብን ይስባል፤ ይሁን እንጂ ከግምት አላለፈም።

ትውፊቱም ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። የአካባቢው ሰዎች ድንጋዮቹን ከግራኝ አሕመድ ዘመቻ ጋር ያያይዟቸዋል፤ የግራኝ ድንጋይ ሲሉም ይጠሯቸዋል። ኢማም አሕመድ የሞቱት በ1543 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ድንጋዮቹ ከእርሳቸው ዘመን ቢያንስ አንድ መቶ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ታዲያ ትውፊቱ ይጣል ማለት አይደለም። ስለ ድንጋዮቹ ዕድሜ ባይነግረንም፣ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት በሶዶ ሰዎች ትዝታ ውስጥ የተወውን ጥልቅ ምልክት ይነግረናል። ይህን ልዩነት በጥሩ አማርኛ ማስረዳት የሚችል የአካባቢ አስጎብኚ ከየትኛውም የማስታወቂያ ወረቀት ይበልጣል።

የግል ጉብኝት ከቡድን ጉብኝት የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው። በትልቅ አውቶቡስ የመጣ ቡድን የተወሰነለት ደቂቃ ሲያልቅ ይነሳል። በግል የመጣ ሰው ግን በአንድ ድንጋይ ፊት የፈለገውን ያህል ቆሞ «ይህን እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው አስጎብኚውንም ያተጋዋል። የአዲስ አበባው አስጎብኚ መንገዱንና ጠቅላላ ታሪኩን ሲያውቅ፣ በስፍራው የሚጠብቀው የአካባቢ አስጎብኚ ደግሞ ድንጋዮቹን በየቀኑ የሚያይና የአገሩን ወግ የሰማ ነው፤ ሁለቱም ቢኖሩ መልካም ነው። የአካባቢው አስጎብኚ ክፍያ ከመግቢያ ትኬቱ ተለይቶ የሚከፈል ከሆነ ቅር ሳይሉ መክፈል ይገባል፤ ቅርሱ ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ የአካባቢው ሰው ከእርሱ እንጀራ ማግኘቱ ነውና።

መንገዱ

ጉዞው በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን አስፋልት ይከተላል። ከከተማ መውጫው የመኪና መጨናነቅ ስለሚበዛበት ሾፌሮች በማለዳ መነሳትን ይመክራሉ። ዓለም ገና ካለፈ በኋላ መሬቱ ይከፈታል፤ የጤፍና የስንዴ ማሳው ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ወደ ጢያ ሲቃረቡ ደግሞ እንሰት ይታያል።

50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ስፍራውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው የውሃ ባለሙያው ሆላንዳዊ ጄራርድ ዴከር ሲሆን፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቆፍሮታል። ከዚያም ሥራውን የጣልያን ተመራማሪዎች ቀጥለውበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚሆነው በዚህ ደጋ የጥንት ሰው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደኖረበት የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪተ አካላት ያሳያሉ። ጋርባ በተባለው ክፍል የተገኘው የሕፃን መንጋጋ የዚያ ዘመን ነው። ጎምቦሬ በተባለው ክፍል ደግሞ 700,000 ዓመት ያስቆጠረ፣ የሕፃናት እግር ጭምር ያለበት ዱካ ተገኝቷል። በአቅራቢያው ያለው ባልጪት የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት የባልጩት ድንጋይ ምንጭ ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ስለዚህ ይህ መስመር ዛሬ ሁለት የዓለም ቅርሶች በአንድ ቀን የሚታዩበት ነው። በስፍራው ያለው አነስተኛ ሙዚየም በጎጆ ቅርጽ በተሠሩ ቤቶች ተደራጅቷል። ልጆች ይዞ የሄደ ቤተሰብ እዚህ ሰፋ ያለ ጊዜ ቢይዝ ይመረጣል፤ የድንጋይ መጥረቢያ የልጅን ጥያቄ ይቀሰቅሳልና።

ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብላ የምትገኘው አዳዲ ማርያም እስከ ዛሬ ቅዳሴ የሚቀደስባት ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊቱ ሥራዋን ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጣል። ላሊበላ ከተማን ላላየ ሰው የአለት ፍልፍል ሥራ ምን እንደሚመስል ታሳያለች፤ ያየ ሰውም ጥበቡ እስከዚህ ድረስ ወደ ደቡብ መዝለቁን ሲያይ ይደነቃል። ወር በገባ በ21ኛው ቀን፣ በማርያም በዓል፣ ምእመናን ይበዙባታል። ጎብኚ ሲገባ ጫማ ያወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ፤ ቅዳሴ ላይ ከደረሱ መጠበቅ ነው። ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ በክረምት ጭቃ ሊይዘው ስለሚችል ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል።

የአዳዲ ማርያም ትውፊት እውነት ከሆነ፣ እርሷ ስትፈለፈልና የጢያ ድንጋዮች ሲቆሙ ዘመኑ ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። አንዱ ሕዝብ ድንጋይ ቆፍሮ ቤተ መቅደስ ሲያወጣ፣ በዚያው አካባቢ ሌላው ድንጋይ አቁሞ ሙታኑን ሲዘክር ነበር። ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለቱን ያየ ሰው ሳያነሳ አያልፍም።

የዝግጅት ጉዳይ

ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ መያዝ ይገባል፦ መኪና፣ ነዳጅ፣ ሾፌርና አስጎብኚ ብቻ ነው ወይስ የመግቢያ ትኬትና ምሳም ይጨመራል? አስጎብኚው ፈቃድ ያለው መሆኑንም መጠየቅ ነውር አይደለም። የመንገዱን ሰላምና ሁኔታ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ማጣራት ግድ ነው። ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ወደ ቡታጅራ በሚሄድ የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሮ ጢያ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን መልካ ቁንጡሬንና አዳዲን ማከል ያዳግተዋል።

ምሳ የጉራጌ ምድር ነውና ክትፎ በአይብ፣ በጎመንና በቆጮ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት የሚጓዝ ሰው የጾም ምግብ እንደሚቀርብለት ቢያውቅ ጥሩ ነው። አብሮ የሚሄደውን ሾፌር በማዕድ መጋበዝም የአገሩ ወግ ነው።

ለቅርጾቹ ጥሩው ብርሃን የጠዋትና የአመሻሽ ፀሐይ ነው። ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ጥልቀት የሌላቸው ቅርጾች ይደበዝዛሉ፤ ከጎን ስትመጣ ግን የሰይፉ ጠርዝ ጥላ ጥሎ ይወጣል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አስጎብኚዎች ቀጥታ ጢያ ደርሰው ሌሎቹን ሲመለሱ ያሳያሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ይህን ቅደም ተከተል ይደግፋል፤ ሰው ሳይደክመው የሚያየው ነገር ዋናው ቢሆን ይሻላል። ወራቱን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅና ብሩህ ነው።

ድንጋዮቹን መደገፍ፣ ላያቸው ላይ መውጣት፣ ቅርጹ በፎቶ እንዲጎላ ብሎ ጠመኔ ወይም ውሃ መቀባት ጉዳት ያደርሳል። ለዘመናት ዝናብና ፀሐይ የፈራረቀባቸው፣ አንዳንዶቹም ያዘነበሉ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የሰው መቃብር ናቸው።

የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለጉብኝት ሲወስዱ ጢያን ከዝርዝራቸው ሊያስቀሩ አይገባም። ከመዲናዋ በዚህ ርቀት ላይ፣ ገና ያልተፈታ ጥያቄ ይዞ የሚጠብቃቸው የዓለም ቅርስ አለና፤ የነገው አርኪዮሎጂስት ከእነርሱ መካከል ሊወጣ ይችላል።