አይ ቪ ኤፍ፦ የቤተ ሙከራ ፅንሰት

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንዳሳ፣ የፎገራ ከብት ዝርያ የሚጠበቅበትና የሚሻሻልበት የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። የአካባቢው ገበሬ «አዳቃይ» ማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ተጠርቶ የሚመጣው ባለሙያ ነው። እንግዲህ ልጅ ፈልገው ያጡ ባልና ሚስት ሐኪም ዘንድ ቀርበው «ሰው ሠራሽ ማዳቀል» የሚል ቃል ቢሰሙ አንገታቸውን ቢደፉ ምን ይገርማል?

ሐኪሞቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ «አይ ቪ ኤፍ» ብለው ያልፉታል። ሦስቱ ፊደላት የሚያሳጥሩት የፈረንጅ ስም «በብርጭቆ ውስጥ የሚሆን ፅንሰት» እንደማለት ነው። በአማርኛ «የቱቦ ሕፃን»ም፣ «ከማህፀን ውጭ ፅንስ»ም ሲባል ይሰማል። የመጀመሪያው ሕፃን በቱቦ ውስጥ የሚያድግ ያስመስላል። ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ ነው፤ «ከማህፀን ውጭ እርግዝና» ሽል በማህፀን ቱቦ ውስጥ ተጣብቆ ሲያድግ የሚፈጠር፣ ቱቦውን አፈንድቶ እናቲቱን ሊገድል የሚችል ድንገተኛ ሕመም ነው። ሁለቱን ያምታታች ሴት በየትኛው ደም መፍሰስ ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለባት ላታውቅ ትችላለች።

እኔ የምመርጠው «የቤተ ሙከራ ፅንሰት»ን ነው። «ፅንስ» ሆድ ውስጥ ያለው ነው፤ «ፅንሰት» ግን የመፀነሱ ድርጊት ነው። ለጣና ዳር ምእመን ቃሉ እንግዳ አይሆንም፤ ነሐሴ 7 ቀን «ፅንሰታ ለማርያም» ተብሎ የሚከበረው፣ ልጅ አጥተው የኖሩት ኢያቄምና ሐና የወለዷት የእመቤታችን መፀነስ ነው። «ቤተ ሙከራ» የሚለው «ሙከራ ሊሠሩብን ነው» ያሰኛል ለሚለኝ አንባቢ፣ ደምና ሽንትም እዚያው ነው የሚመረመረው እላለሁ።

ከአካል ውጭ የሚሆነው ፅንሰቱ ብቻ ነው፣ ያውም ለጥቂት ቀናት። እርግዝናው፣ ምጡ፣ ጡት ማጥባቱ እንደማንኛዋም እናት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር ኦልደም ከተማ በ1970 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ተወለደች፤ ዘዴውን ካገኙት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በአገራችን የመንግሥት የመጀመሪያው ማዕከል አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ነበር የሚሄደው።

መንገዱ ግን የሚጀመረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የማህፀን ሐኪም ዘንድ ነው። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ካልተፀነሰ መመርመር ይገባል፤ ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። እሷ አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራና የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን የሚያሳይ ራጅ ይታዘዝላታል። ሳይታከም የቆየ የአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ቲቢ ቱቦውን ይደፍናሉ። ቱቦ ሲደፈን እንቁላልና ዘር መገናኛ ያጣሉ፤ የቤተ ሙከራ ፅንሰት መጀመሪያ የታሰበው ለዚህ ነበር።

ባልስ? የወንድ ችግር ልጅ ካላገኙ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የእሱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት። ግን «መካን» የሚለው ስም በሷ ላይ ተለጥፎ፣ አማት ስትቆጣ፣ ጎረቤት ሲያንሾካሹክ፣ እሷ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው «እኔማ ጤነኛ ነኝ» ያለው ሰውዬ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው። ይህን ነውር ሳልለው ማለፍ አልችልም። የዘሩ ቁጥር በጣም ቢያንስ እንኳ አንዲትን ዘር በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ የማስገባት ዘዴ አለ፤ በዚህ ዘዴ የተፀነሱት የመጀመሪያ ልጆች እንደ ፈረንጆች በ1992 ተወልደዋል።

ሕክምናው ሲጀመር ሴቷ በየቀኑ ሆዷ ቆዳ ሥር መርፌ ትወጋለች፣ ለአሥር ቀን ገደማ። ተፈጥሮ በወር አንድ እንቁላል ታበስላለች፤ መርፌው ብዙ እንዲበስሉ ያደርጋል። በሁለት በሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ትታያለች። ለባሕር ዳር ሰው ይህ ማለት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ መክረም ነው። ከመርፌዎቹ አንዳንዶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ መድኃኒቱ አብሮ የሚጓዝ ከሆነ በረዶ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል፣ የዓባይ በረሃ ሙቀት አይምርም። ዘመድ ቤት ያረፈ ደግሞ ለሌላ ነገር ይዘጋጅ፤ ፍሪጅ ውስጥ የተገኘ መርፌ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ምን እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እንቁላሉ ሲደርስ ማብሰያው መርፌ በተባለው ሰዓት ይሰጣል፤ ከ34 እስከ 36 ሰዓት በኋላ እንቁላሎቹ በማደንዘዣ፣ በአልትራሳውንድ በምትመራ መርፌ በብልት በኩል ይቀዳሉ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባል በዚያው ቀን ዘሩን ይሰጣል፤ እንቁላልና ዘር በቤተ ሙከራ ውስጥ ይገናኛሉ። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሽሉ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህኛው ብዙም አያምም። «የሌላ ሰው ዘር ቢቀላቀልስ?» የሚለው ፍርሃት የተለመደ ነው። ባለሙያዎቹን ስማችሁ በየደረጃው እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብት ነው።

በእነዚህ ቀናት ሆድ በፍጥነት ቢነፋ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ትውከት ቢበዛ፣ ሽንት ቢቀንስ የመርፌው ከልክ ያለፈ ውጤት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። ጠበል የምትጠመቅ ሴት መርፌዋን አታቋርጥ፤ የባህል መድኃኒት የወሰደች ደግሞ ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገር።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ነው፣ ብዙዎች ከመርፌው ይልቅ ይህ ይከብዳቸዋል። በመጨረሻ የደም ምርመራ ይናገራል። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት፣ በጥሩ ማዕከል እንኳ፣ አንድ ሽል ተቀምጦ ልጅ የመወለድ ዕድሉ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። በራሷ እንቁላል ከሆነ ከ42 በኋላ ዕድሉ በጣም ይመነምናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ አለመሳካቱ ብርቅ አይደለም፤ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለአንዱ ዙር አትጨርሱ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ጎልማሶች አንዱ በዕድሜው ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል። ብቻችሁን አይደላችሁም። ካርድ ስታወጡ ሁለታችሁም በአንድ ቀን አውጡ፤ የእሱ ምርመራ ውጤት ሳይታይ እሷ ላይ ቀዶ ሕክምና እንዲሠራ አትስማሙ፤ የራጁንና የላቦራቶሪውን ወረቀት በአንድ ፋይል ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ሂዱ፣ አለዚያ ሁሉም እንደ አዲስ ይታዘዝባችኋል።