ወንጪ፦ በጥቂት ሰዓታት የሚጎበኝ ሐይቅ

የወንጪ ሐይቅ በኦሮሚያ ክልል ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በአምቦና በወሊሶ ከተሞች መካከል ይገኛል። ሐይቁ ጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን፣ የጉድጓዱ ጠርዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከጠርዙ ወደ ታች ሲታይ የእንሰት ማሳዎች፣ የሣር ክዳን ቤቶች፣ ፍል ውኃና የማዕድን ውኃ ምንጮች ያሉበት ሸለቆ ይታያል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ጎብኚ በሁለት አቅጣጫ ሊደርስበት ይችላል። አንደኛው በወሊሶ በኩል ያለው መንገድ ነው። ሁለተኛው በሆለታና በጊንጪ አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ነው። ከነቀምት መስመር ባኮን፣ እጃጂንና ጌዶን አቋርጦ የሚመጣ መንገደኛም ጉደርን አልፎ መታጠፊያውን የሚያገኘው በአምቦ ነው። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በሚሸጠው የማዕድን ውኃዋና በፍል ውኃ መዋኛዋ የታወቀች በመሆኗ ለምሳ መቆም የሚፈልግ ሰው አይቆጭም።

ርቀቱ አጭር በመሆኑ ማለዳ ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ለጎብኚው ምቾት የሆነው ይህ ጉዳይ ለአካባቢው ነዋሪ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ስንቁን ይዞ መጥቶ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ የሚመለስ እንግዳ ለአርሶ አደሩ የሚተወው ጥቅም እምብዛም ነው።

ይኸው ችግር በሌላውም ዓለም ይታያል። በኖርዌይ የስቫልባርድ ደሴቶች የምትገኘውና 2 ሺህ 500 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ሎንግየርብየን የተባለች የዋልታ ከተማ፣ ከነዋሪዎቿ ቁጥር የሚበልጥ ሰው የጫኑ የመዝናኛ መርከቦች ለጥቂት ሰዓታት ይቆሙባታል። ተሳፋሪው የሚያድረውም የሚመገበውም በመርከቡ ውስጥ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ከከተማዋ ውጭ ባሉት የተጠበቁ የተፈጥሮ ሥፍራዎች ከ200 በላይ ተሳፋሪ የጫነ መርከብ እንዳይገባ ከልክላለች። ክልከላው የተጣለው በዋናነት ለተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ነው።

የወንጪ ነዋሪዎች ለጉዳዩ መላ ያበጁት ቀደም ብለው ነበር። በ1990ዎቹ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የኢኮ ቱሪዝም ማኅበር አቋቁመው፣ አስጎብኚዎች፣ የፈረስ ባለቤቶችና ጀልባ ቀዛፊዎች በተራ የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘርግተዋል። ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ እንግዳው ከጭቅጭቅ ይድናል፤ ሥራውም ጉልበተኛው ብቻ የሚወስደው አይሆንም። እንዲህ ያለው አሠራር ከብዙ ማስታወቂያ የሚበልጥ ነው።

ሐይቁ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር እንዲለማ መመረጡ ይታወሳል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወንጪ በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ተመርጣለች። የማረፊያ ሎጁና ሌሎች ግንባታዎችም በ2016 ዓ.ም. ተመርቀዋል።

አሁን እንግዳው ማደር ይችላል። መንገዱ በተሻሻለ ቁጥር ግን መኪና ወደ ሐይቁ ይበልጥ ይቀርባል፤ ፈረስ የሚከራይበት ርቀትም ያጥራል። አሮጌው የቁልቁለት ጉዞ በፈረስ ካልተደረገ ደግሞ የወንጪ ጉብኝት ግማሹ ይቀራል ማለት ይቻላል።

በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። ወደዚያ የሚወስደው ጀልባ ብቻ ነው። ሥፍራው ደጋ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ነፋስና ብርድ ስለሚበረታ፣ ጎብኚው ወፍራም ልብስ ቢይዝና ወደ ደሴቲቱ የሚሻገረውን በጠዋት ቢያደርገው ይመረጣል። በክረምት ዝናቡና ጉሙ ሐይቁን ከጠርዙ ላይ እንዳይታይ ሊሸፍነው ስለሚችል አመቺው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያለው በጋ ነው።