«ሕዋስ» እና «ስሜት»፦ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

ሰው በዙሪያው ያለውን ዓለም የሚያውቅባቸውን ኀይሎች ለመሰየም በአማርኛ የምንገለገልባቸው ዋነኛ ቃላት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «ሕዋስ»፣ ሁለተኛው «ስሜት»። የመጀመሪያው በትርጕም ሥራ አማካይነት ከውጭ የገባ የሊቃውንት ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአገር ግስ የተገኘ ነው። ሁለቱም ዛሬ ከአንድ በላይ ሥራ ተሸክመዋል። በተለይም በሕክምናና በሥነ ሕይወት ጽሑፎች ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ለአንባቢው ከሚገልጡለት ይልቅ የሚሸሽጉበት ይበልጣል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ቃላት አመጣጥ ተከትለን ችግሩ የት ላይ እንደ ተፈጠረ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን አንድ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሥጋ ደዌ የተዘጋጀች አንዲት በራሪ ጽሑፍ እንድናርም ተሰጥታን ነበር። በሽታው በቆዳ ሥር ያሉትን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ ቆዳው ላይ የሚወጣው የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ሙቀትና ሕመም አያውቅም፤ በሽተኛውም ሳያውቅ ይቃጠላል፣ ይቈስላል። ተርጓሚው ይህን «ስሜት አልባ የቆዳ ምልክት» ብሎት ነበር። ከመዝገበ ቃላት አንጻር ስሕተት የለበትም። ሆኖም ጽሑፉ ለሙከራ ሲነበብላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «ሰውየው አይከፋው፣ ደስም አይለው ማለት ነዋ!» አሉ። ምልክቱ ምን እንደሚመስል በቃል ከተነገራቸው በኋላ ግን ወዲያው፣ «እሱማ ገላው ደንዝዟል፤ እሳት ቢነካው አይሰማውም» ሲሉ መለሱ። አዛውንቱም ተርጓሚውም የተጠቀሙበት ሥር አንድ ነው፤ «ሰማ» ነው። ተርጓሚው ስሙን ወሰደ፣ እሳቸው ግሱን ወሰዱ። በስሙና በግሱ መካከል ይህን ያህል ርቀት እንዴት ሊፈጠር ቻለ?

ታሪኩ ከሩቅ ይጀምራል። የስሜት ኀይሎችን ቈጥሮ አምስት ናቸው በማለት ያጸናው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው አሪስቶትል ነው። ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን በተራ ከመረመረ በኋላ ስድስተኛ እንደማይኖር ለማስረዳት ደክሟል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ግን ጥርጣሬው ነው፤ መዳሰስ አንድ ኀይል ይሁን ወይስ የብዙ ኀይሎች ጥርቅም ራሱ ጠይቋል። ማየት ከነጭና ከጥቁር፣ መስማት ከቀጭንና ከወፍራም ድምፅ ጋር አንድ ዐይነት ተቃርኖ ሲኖራቸው፣ መዳሰስ ግን ትኩስና ቀዝቃዛ፣ ደረቅና እርጥብ፣ ለስላሳና ጠንካራ እያለ ብዙ ተቃርኖ ይዟል። ተከታዮቹ ቍጥሩን ወሰዱ፤ ጥያቄውን ተዉት።

ይህ ትምህርት በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ፣ እንደ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ (የሞተው በ873 ነው) ባሉ ተርጓሚዎች እጅ ከግሪክኛና ከሱርስት ወደ ዐረብኛ ተላለፈ። የዐረብኛው ስያሜ በነጠላ «ሓሳ»፣ በብዙ «ሐዋስ» ነው። ኋላም ኢብን ሲና (የሞተው በ1037) ከውጭዎቹ አምስት ጋር አምስት «የውስጥ ሐዋስ» ጨምሮ፣ ማሰብንና ማስታወስን ሁሉ በዚሁ ስም ሥር አስገባ።

ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የሚደረገው ትርጕም ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ በተለይም በአባ ሰላማ መተርጕም ዘመን፣ እንደ ተስፋፋ ይታወቃል። አባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋን ወደ ግዕዝ የመለሰው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። «ሕዋስ» የሚለው ቃልም በግዕዝ ቤት ውስጥ የዚህ የዐረብኛ ግንኙነት ልጅ ነው። ነገር ግን የተወሰደው ነጠላው «ሓሳ» አይደለም፤ ብዙው ነው። ግዕዝ የዐረብኛውን ብዙ እንደ ነጠላ ቈጥሮ እንደ ገና «ሕዋሳት» ብሎ አበዛው። ተማሪዎቻችንን «መላእክቶች» እና «ካህናቶች» አትበሉ ብለን የምንቈጣ ሁሉ፣ ሊቃውንቱ ያከበሩት ቃል ራሱ በብዙ ላይ ብዙ የተደረበበት መሆኑን ብናስታውስ ቍጣችን ትንሽ ይበርድ ይሆናል። «ህዋስ» ተብሎ በሃሌታው ሲጻፍም የዐረብኛው ሐ ከዐይን ይሰወራል፤ ቃሉም ከ«ህዋ» ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል። በዚህ ምክንያት በሐመሩ «ሕ» መጻፉን እንመርጣለን።

«ሕዋስ» ከመግባቱ በፊት ግዕዝ ስለ ስሜት መናገር አልቸገረውም። ርእየ፣ ሰምዐ፣ አጼነወ፣ ጥዕመ፣ ገሠሠ የሚሉት ግሶች የራሱ ናቸው። ከዐረብኛው ዘመን እጅግ ቀድሞ የተተረጐመውን ዳዊት እንመልከት። በ113ኛው መዝሙር ስለ ጣዖታት ከንቱነት ሲነገር፣ አፍ፣ ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እጅና እግር በየተራ ተጠርተው እያንዳንዱ ሊሠራ የሚገባውን እንደማይሠራ ይነገራል። ሁሉንም የሚጠቀልል ስም በዚያ ቦታ የለም። ማየትና መስማት ከመናገርና ከመራመድ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሴማዊው ዝርዝር ብልትን ከግስ ጋር ያጣምራል፤ ግሪካዊው ትምህርት ግን ከብልትም ከግስም የተነጠለ አንድ ወል ስም ይፈልጋል። «ሕዋስ» የመጣው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው።

ባዶውን ቦታ ሞልቶ ግን በዚያው አልቀረም። «አምስቱ ሕዋሳት» ሲባል ኀይሉም፣ ኀይሉ የሚሠራበት ብልትም አብሮ ስለሚታሰብ፣ ቃሉ ከማየት ወደ ዐይን፣ ከመስማት ወደ ጆሮ ተሸጋገረ፤ ከዚያም አልፎ የአካል ክፍል ሁሉ «ሕዋስ» ሊባል ቻለ። ዘመናዊው የሥነ ሕይወት ትምህርት በአማርኛ ሲጻፍ፣ የሕያዋን አካል ለሚገነባበት ደቂቅ ክፍል ይኸው ስም ተሰጠ። የእንግሊዝኛው ስያሜ ታሪክ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቡሽ ቅራፊ በአጕሊ መነጽር ቢያይ ባዶ ቀዳዳዎች ተደርድረው አገኘና ትንሽ ክፍል ማለት በሆነው በላቲኑ «ሴላ» ጠራቸው። እንግሊዝኛው ከቤት ተነሣ፣ አማርኛው ከስሜት ተነሣ፤ የተገናኙት በአንድ ነገር ላይ ነው። ቈየት ብሎ ጥቂት አባላት ያሉት የፖለቲካ ድርጅት የታችኛው ክፍልም «ሕዋስ» ተባለ፤ የዚህ ግን መነሻው የውጭው ቃል ዘይቤ ስለሆነ ልናቆይበት አንሻም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳቱ። አፍንጫ የማሽተት ሕዋስ ነው እንላለን፤ በአፍንጫ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሚሊዮን የማሽተት ሕዋሳት አሉ እንላለን። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ቃሉ ብልት ነው፤ በሁለተኛው በዐይን የማይታይ ቅንጣት ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ1991 ሽታን የሚቀበሉትን የዘር ቅንጣቶች ቤተሰብ ይፋ ባደረጉበትና በ2004 የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው ሥራ፣ ነገሩ በሙሉ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በመሠረቱ አንድ ዐይነት ተቀባይ ብቻ ይይዛል። ይህን «ሕዋስ» በሚለው ብቻ የሚተረጕም ሰው፣ እያንዳንዱ አፍንጫ አንድ ሽታ ብቻ ያውቃል ሊል ምንም አልቀረውም። ተቃራኒውም ስሕተት አጋጥሞናል፤ አንድ ተማሪ የጥንት ድርሳን ሲተረጕም ኀጢአት በአምስቱ ሕዋሳት ይገባል የሚለውን ሐሳብ፣ ሰው አምስት ደቂቅ ቅንጣቶች ብቻ ያሉት አስመስሎ ወደ እንግሊዝኛ አውጥቶታል።

ወደ «ስሜት» እንምጣ። «ወጣ» ብሎ «ውጤት» እንደሚል፣ «ሰማ» ብሎ «ስሜት» ይላል። የግዕዙ «ሰምዐ» ዐይኑን በአማርኛ ስለጣለ በስሙ ውስጥ ምልክቱ አልቀረም። የግሱ ስፋት ግን ያስደንቃል። ምክር ይሰማል ስንል ይታዘዛል ማለት ነው፤ አማርኛ ይሰማል ስንል ቋንቋውን ይረዳል ማለት ነው፤ ብርድ ተሰማኝ፣ ሕመም ተሰማኝ ስንል ደግሞ ጆሮ ከነገሩ ወጥቶ ገላ ገብቷል። ስዊድናዊው ኦኬ ቪበርግ በ1983 ከ50 በላይ ቋንቋዎችን አነጻጽሮ ባወጣው ጥናት፣ የስሜት ግሶች ትርጕም የሚሰፋው ከላይ ወደ ታች ነው ብሏል፤ ማየት በራስጌ፣ መስማት ቀጥሎ፣ መዳሰስ ከዚያ፣ ማሽተትና መቅመስ በግርጌ። ከመስማት ወደ ገላ የወረደው የእኛው «ተሰማ» ለዚህ ደንብ የተመቸ ምሳሌ ነው። ስሙ ግን ግሱን ተከትሎ አልሄደም። ከሐዘን፣ ከደስታ፣ ከፍቅርና ከቍጣ ጋር ተጣብቆ፣ «ስሜታዊ» የሚል ቅጽልም ወልዶ፣ ዛሬ ብቻውን ሲነገር አስቀድሞ ልብን እንጂ ቆዳን አያሳስብም። አዛውንቱ የሰሙትም ይህንኑ ነው።

ግሱ የያዘው ሀብት ከዚህም ይበልጣል። አማርኛ ለስሜት ሁለት የግስ ሰልፍ አለው። በአንደኛው ሰውየው ባለቤት ነው፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ አሸተትሁ፣ ቀመስሁ፣ ዳሰስሁ። በሁለተኛው ሰውየው ተሳቢ ሆኖ በግሱ ጭራ ላይ ይንጠለጠላል፦ ታየኝ፣ ተሰማኝ፣ ሸተተኝ፣ ጣመኝ። የመጀመሪያው ሰልፍ ከአምስቱ አያልፍም። ሁለተኛው ግን በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ አመመኝ፣ ከበደኝ፣ አሳከከኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ እያለ ይቀጥላል። አሪስቶትል የጠረጠረውና ተከታዮቹ የተዉት የመዳሰስ ጥያቄ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ተዘርዝሮ ይገኛል።

የአውሮፓ ሳይንስ ወደዚህ ዝርዝር የደረሰው ዘግይቶ ነው። ቻርልስ ቤል በ1826 ጡንቻ የራሱ ስሜት እንዳለው ተናገረ፤ ሸሪንግተን በ1906 የገዛ አካልን አቋም የማወቅን ኀይል በሳይንስ ስም ሰየመው። በ1870ዎቹ ማኽ፣ ብሮየርና ክራም ብራውን፣ የውስጠኛው ጆሮ ክብ ቦዮች የራስን መዞር እንደሚያስታውቁ አስረዱ። በ1880ዎቹ ስዊድናዊው ማግኑስ ብሊክስ በቆዳ ላይ ሙቀትን ብቻ፣ ሌሎችም ቅዝቃዜን ብቻ የሚያውቁ ነጥቦች አገኘ። በ1997 ደግሞ ዴቪድ ጁልየስና ባልደረቦቹ የበርበሬው ፍጅት የሚሰማን 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ ያለውን ሙቀት በሚያስታውቀን በዚያው ተቀባይ መሆኑን ገለጡ፤ ጁልየስ ግፊትን የሚቀበሉትን ካገኘው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የእኛ ቤት እመቤት ሻዩም ይፋጃል፣ በርበሬውም ይፋጃል ትላለች። በርበሬ የሌለበትንም አልጫ ብላ ለብቻው ትለያለች።

ይህን ስንል ቋንቋው ሳይንሱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለታችን አይደለም። እንግሊዝኛም ለትኩሱና ለሚፋጀው አንድ ቃል አለው፤ ፀሐይ ወጣች ማለታችንም ፀሐይን አያዞራትም። የምንለው ሌላ ነው፤ የስያሜ ሠራተኛ ሁልጊዜ ስም ፍለጋ ስለሚሄድ፣ በግስ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀውን ሳያይ ያልፋል።

ስለ «ሕዋስ» የመጣው መጥቷል። ትውልድ በሙሉ በሥነ ሕይወት ትምህርት ተምሮበታልና ከደቂቁ ቅንጣት ላይ ልንነጥቀው አንችልም፤ ብንሞክርም የሚሰማን የለም። ስለዚህ በሳይንስ ጽሑፍ «ሕዋስ» ለቅንጣቱ ብቻ ቢቀር፣ ዐይንና ጆሮ «የስሜት አካላት» ቢባሉ እንመርጣለን፤ «ብልት» የተሻለ ነበር፣ ነገር ግን የዛሬ አንባቢ ቃሉን ለኀፍረት ሥጋ ስለወሰነው ከእጃችን አምልጧል። ኀይሎቹን ለመጥራት «ማየት»፣ «መስማት» እያሉ በንዑስ አንቀጽ መጥራት ይበቃል። «አምስቱ ሕዋሳት» በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና በሥነ ጽሑፍ በጥንት ትርጕሙ ይኑር፤ መዝገበ ቃላትም ሁለቱን ትርጕሞች በቍጥር ለይቶ የጥንቱን ያስቀድም።

የሥጋ ደዌዋ በራሪ ጽሑፍ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ «ገላዎ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ የደነዘዘ፣ ሲነኩት የማይሰማዎ፣ እሳትም የማይሰማው ምልክት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይዛ ወጣች። ተርጓሚው አጻጻፉ የገበያ ወሬ መሰለ ብሎ ነበር። «ስሜት» የሚለው ቃል ከሦስት ቦታ ተነሥቶ በአንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ እሱም ለጤና ባለሙያዎች በተጻፈው የመጨረሻ አንቀጽ ውስጥ ነው።